ልማድና መላመድ፦ ብልህ ሰው የያዘውን ለመጣል ለምን ይቸገራል?

ሦስት ማሰሮዎች አሉ እንበል፤ የመጀመሪያው 21፣ ሁለተኛው 127፣ ሦስተኛው 3 መስፈሪያ ውኃ ይይዛል። በእነዚህ ብቻ እየቀዱና እየገለበጡ ልክ 100 መስፈሪያ ማስቀረት ያስፈልጋል። ጥቂት ያሰበ ሰው መልሱን ያገኘዋል፤ ትልቁን ይሞላና ከእሱ ላይ አንድ ጊዜ በመጀመሪያው፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ በትንሹ ይቀንሳል። ቀጥለው የሚመጡት አራት ጥያቄዎች ቁጥራቸው ቢለያይም የሚፈቱት በዚሁ ስልት ነው። ከዚያ 23፣ 49 እና 3 የሚይዙ ማሰሮዎች ይቀርቡና 20 መስፈሪያ ይጠየቃል። ስልቱ እጁ የገባለት ሰው አሁንም 49ኙን ሞልቶ 23 ይቀንሳል፣ ሁለት ጊዜም 3 ይቀንሳል፤ መልሱም ትክክል ነው። ይሁን እንጂ 23ቱን ሞልቶ አንድ ጊዜ 3 መቀነስ ብቻ ይበቃው ነበር።

ይህን ሙከራ አብርሃም ሉቺንስ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1942 አሳተመው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያለ ምንም ልምምድ በቀጥታ ወደ መጨረሻዎቹ ጥያቄዎች የገቡት ሰዎች አጭሩን መንገድ ወዲያው ሲያዩት፣ በአምስቱ ጥያቄዎች የተለማመዱት ግን አብዛኞቹ ረጅሙን መንገድ ደገሙት። የባሰው ደግሞ 28፣ 76 እና 3 የሚይዙ ማሰሮዎች ቀርበው 25 ሲጠየቅ ታየ። እዚህ ላይ የለመዱት ስልት ጨርሶ አይሠራም፤ ከ28 ላይ 3 መቀነስ ግን ለሕፃን እንኳ ቀላል ነው። ከተለማመዱት መካከል ብዙዎቹ ይህን ጥያቄ ሳይመልሱት ቀሩ። እኔም መጀመሪያ ስሞክረው በ23ቱ ላይ ተይዤአለሁ፤ ስለዚህ የምጽፈው ከወጥመዱ ውጭ እንደቆመ ሰው ሆኜ አይደለም።

አማርኛችን ለዚህ ነገር ቁልፍ አለው። «ልማድ» እና «መላመድ» የሚሉት ቃላት ሁለቱም «ለመደ» ከሚለው ግስ የወጡ ናቸው። ሰው ከአንድ ሁኔታ ጋር የሚላመደው ልማድ በማበጀት ነው፤ ሁኔታው ሲለወጥ ከአዲሱ ጋር እንዳይላመድ የሚይዘውም ያው ያበጀው ልማድ ነው። በዚህ ጽሑፍ «መላመድ» ስል ብርዱን ወይም ድካሙን መልመድ ማለቴ አይደለም፤ ሁኔታ ሲለወጥ አስተሳሰብንና አሠራርን በጊዜው የመለወጥ ችሎታ ማለቴ ነው። «ብልህነት» ስል ደግሞ ተመራማሪዎች በፈተና ለመለካት የሚሞክሩትን የማመዛዘን፣ ነገርን ከነገር ጋር የማያያዝና የመማር አቅም ማለቴ ነው። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንድ ናቸው ብሎ ማሰብ ግን ሠራዊትንም ሲቪሉንም ብዙ ዋጋ አስከፍሏል።

የብልህነት ፈተና በገፍ የተሰጠው መጀመሪያ ለወታደር ነበር። አሜሪካ በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ፣ በሮበርት የርክስ የሚመራ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ቡድን ሁለት ፈተናዎችን አዘጋጀ፤ ማንበብ ለሚችሉ ምልምሎች «አልፋ»፣ ለማይችሉና እንግሊዝኛ ለማያውቁ ደግሞ በሥዕል የቀረበውን «ቤታ»። ጦርነቱ እስኪያበቃ 1.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ተፈተነ። በቤታ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ የጎደለውን ነገር በሥዕሉ ላይ መሙላት ነበር፤ መረብ የሌለው የቴኒስ ሜዳ፣ ቀንዱ የተቆረጠ የሸክላ ማጫወቻ፣ የጭስ መውጫ የሌለው ቤት። ከመርከብ ከወረደ ጥቂት ወራት የሆነው፣ ቴኒስ ሲጫወቱ አይቶ የማያውቅ የገበሬ ልጅ መረቡን ካልሣለ የጎደለው መረቡን የማየት ዕድል እንጂ አእምሮው አይደለም። የፈተናው ባለቤቶች ግን ውጤቱን ደምረው የአማካዩ ነጭ ምልምል አእምሮ የ13 ዓመት ልጅ አእምሮ ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ፤ አዋቂ ሰው በአማካይ ልጅ ነው እንደ ማለት ነው።

በዚያው መረጃ ውስጥ ግን አንድ አስገራሚ ነገር ተቀምጦ ነበር፦ ከውጭ የመጡት ምልምሎች ውጤት በአሜሪካ ከኖሩባቸው ዓመታት ጋር አብሮ ያድግ ነበር። ነገሩን ቀለል አድርጎ ላየው ሰው፣ ፈተናው እየለካ የነበረው ሰዎቹ ከአዲሱ አገር ጋር ምን ያህል እንደተላመዱ ነው። ካርል ብሪገም የተባለው ተመራማሪ ግን በ1923 ባወጣው ሥራ ይህን ለመቀበል አልፈለገም፤ ቀደም ብለው የመጡት የተሻለ ዘር ስለሆኑ ነው ብሎ ተረጎመው። በ1930 ግን ሐሳቡን መተዉን በጽሑፍ ገልጾ መሠረተ ቢስ መሆኑን ራሱ አመነ። ሰው በሰባት ዓመት ውስጥ ያሳተመውን ሐሳብ በአደባባይ ሲጥል ማየት ብርቅ ነውና ይህን ምስክርነት እንደ ቀላል አላየውም።

ከዚህ ተነሥቶ ፈተና ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ደግሞ ሌላ ስሕተት ይሆናል። በዘመናዊ ሠራዊቶች ልምድ፣ በመግቢያ ፈተና የተሻለ ያመጣ ወታደር ውስብስብ መሣሪያ መጠቀምን በአጭር ጊዜ ይማራል፣ በሥራውም ላይ ያነሰ ይሳሳታል። በአሜሪካ ሕግ ከመቶ ተፈታኞች ዝቅተኛዎቹ ዘጠኝ በሚያርፉበት ደረጃ ያለ ሰው አይመለመልም፤ ከ10ኛው እስከ 30ኛው መቶኛ ያሉትም ከአዲስ ገቢዎች ከ20 በመቶ እንዲበልጡ አይፈቀድም። የማይለካ ነገር ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ጥብቅ ሕግ አይወጣለትም ነበር። ይሁን እንጂ የሚለካው ነገር የተወሰነና ያለቀለት አይደለም። ኖርዌይ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የግዴታ ትምህርትን ከሰባት ወደ ዘጠኝ ዓመት ስታሳድግ ለውጡ ወደ ወረዳዎቿ የገባው በተለያየ ጊዜ ስለነበር፣ ተመራማሪዎች ወንዶች በ19 ዓመታቸው ለብሔራዊ ውትድርና ሲመዘገቡ የተፈተኑትን ውጤት ማነጻጸር ቻሉ። በ2012 የታተመው ግኝት እንደሚያሳየው አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት የአይኪው (የብልህነት መለኪያ) ውጤትን በአማካይ 3.7 ነጥብ ከፍ አድርጓል። ብልህነትም በከፊል የመላመድ ፍሬ ነው ማለት ነው።

ሬይመንድ ካተል የተባለው ተመራማሪ ለዚህ ጠቃሚ መለያ አበጅቷል። በአንድ ወገን አዲስን ነገር ያለ ቅድመ ዕውቀት የማገናዘብ አቅም አለ፤ ይህ በወጣትነት ይጠነክርና ከዕድሜ ጋር ቀስ በቀስ ይደክማል። በሌላ ወገን በትምህርትና በኑሮ የተጠራቀመ ዕውቀት አለ፤ እሱ እስከ እርጅና ድረስ ይቆያል፣ ብዙ ጊዜም ይጨምራል። ብዙ ሰው መላመድ የመጀመሪያው አቅም ብቻ ውጤት ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም፤ በድንገተኛ ሁኔታ ውስጥ ራሱን የሚያድነው ሰው ብዙውን ጊዜ የተጠራቀመውን ዕውቀት ባልተለመደ ቦታ የሚጠቀም ሰው ነው። ዕውቀቱ ከተማረበት ቦታ አልላቀቅ ሲል ነው ችግሩ የሚመጣው።

ይህን ከሬሲፌ የገበያ ልጆች በላይ የሚያሳይ አላውቅም። በ1985 ሦስት ተመራማሪዎች ከ9 እስከ 15 ዓመት ዕድሜ ያላቸው፣ በዚያች የብራዚል ከተማ መንገዶች ላይ የሚሸጡ አምስት ልጆችን የተመለከተ ጥናት አሳተሙ። ተመራማሪዎቹ እንደ ደንበኛ ቀርበው ሒሳብ ያስደርጓቸዋል። የ12 ዓመቱ ልጅ አንዱን ኮኮናት በ35 ይሸጣል፤ አራት ስንት ነው ሲባል ጮክ ብሎ ያስባል፦ 105፣ ሲደመር 30፣ 135 ሆነ፤ አንዱ 35 ነውና 140። ሦስቱ 105 መሆናቸውን ከልምድ ያውቀዋል፤ የቀረውን አንዱን 35 ደግሞ በ30 እና በ5 ከፍሎ ጨመረው። በሌላ ቀን ወረቀትና እርሳስ ተሰጥቶት 35 ሲባዛ በ4 ተባለ። አራት ጊዜ አምስት ሃያ፣ ሁለቱን እይዛለሁ፤ ሁለትና ሦስት አምስት፣ አምስት ጊዜ አራት ሃያ አለና 200 ብሎ ጻፈ። ያው ልጅ፣ ያው ሒሳብ። በመንገድ ላይ ከተጠየቁት 63 ጥያቄዎች ልጆቹ 98 በመቶውን በትክክል ሲመልሱ፣ በወረቀት ላይ በባዶ ቁጥር ከቀረቡላቸው ግን 37 በመቶውን ብቻ መለሱ።

ብዙዎች ይህን ጥናት ትምህርት ቤትን ለማሳጣት ይጠቅሱታል። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። ልጁ በገበያ ሳለ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ስለሚያውቅ መንገዱን እንደ ፈለገ ይሰብረዋል፣ ይቀጥለዋል፤ አራት ኮኮናት በ200 ልሽጥ ቢል ደንበኛው ጥሎት እንደሚሄድ ያውቃል። በወረቀቱ ላይ ግን የሚያከብረው ሥርዓት አለ፤ ሥርዓቱ ሲሰናከልበት የሚያርመው ነገር የለውም፣ ምክንያቱም 200 የሚለው መልስ ከምንም ጋር አይጋጭበትም። ሰው ሲሳሳት ስሕተቱን የሚነግረው ነገር በአጠገቡ ካለ ይላመዳል፤ ከሌለ ትእዛዝ ይፈጽማል። ይህ ለወታደርም ያው ነው።

ስለ ወታደር ሲነሣ በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው ትእዛዝ ፈጻሚነት ነው። የጦርነት ታሪክ ግን ከዚህ ጋር ሲታገል ኖሯል። ከጀርመን ግዛቶች አንዷ የነበረችው የፕሩሲያ ጦር በ1806 በየና እና በአውርሽቴት ውጊያዎች በናፖሊዮን ጦር ከተደቆሰ በኋላ፣ ሽንፈቱ ከጀግንነት ማነስ ሳይሆን ሁሉንም ከላይ ከመጠበቅ የመጣ መሆኑን የተረዱ መኮንኖች ሠራዊቱን መለወጥ ጀመሩ። በኋላ የጦሩን ጠቅላይ መምሪያ የመራው ሄልሙት ፎን ሞልትከ ማንኛውም የዘመቻ ዕቅድ ከጠላት ዋና ኃይል ጋር ከተደረገ የመጀመሪያ ግጥሚያ አልፎ በእርግጠኝነት እንደማይዘልቅ ጽፏል። ከዚህ የወጣው የአመራር ዘዴ ለበታች አዛዥ ምን እንደሚፈለግና ለምን እንደሚፈለግ ይነግረዋል፤ እንዴት የሚለውን ለእሱ ይተውለታል። «ለምን» የሚለው ከሁሉ ይበልጣል። ድልድዩን ያዝ የተባለ መቶ አለቃ ድልድዩ ፈርሶ ቢያገኘው ቆሞ ትእዛዝ ይጠብቃል፤ ጠላት ወንዙን እንዳይሻገር ድልድዩን ያዝ የተባለው ግን የሚሻገርበትን ሌላ መልካ ፈልጎ ይይዛል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1944 የበጋ ወራት በፈረንሳይዋ ኖርማንዲ የሆነውን እንይ። ከባሕሩ ዳርቻ ወደ ውስጥ የገቡት የአሜሪካ ወታደሮች የጠበቃቸው ክፍት ሜዳ ሳይሆን በዘመናት የተከመረ፣ የዛፍ ሥር አንቆ የያዘው የአፈር ካብ የከበባቸው ትናንሽ እርሻዎች ነበሩ። ታንክ በካቡ ላይ ሲወጣ አፍንጫው ወደ ሰማይ ይቀናል፤ መድፉ ምንም የማይመታበት፣ ስስ የሆነው ሆዱ ደግሞ ለጠላት የሚገለጥበት ቅጽበት ነው። ካቡን በፈንጂ መደርመስ ይቻላል፤ ነገር ግን ፍንዳታው ከየት እንደሚመጡ ለጠላት ይነግረዋል፣ ፈንጂውም አይበቃም። የ102ኛው የፈረሰኛ ቅኝት ስኳድሮን ወታደሮች በጉዳዩ ሲወያዩ፣ ሲነገር እንደኖረው፣ አንዱ የቴኔሲ ሰው «ታንኩ ፊት ላይ የመጋዝ ጥርስ ነገር ገጥመን ለምን አንቆርጠውም?» አለ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ከርቲስ ኩሊን የተባለው ሃምሳ አለቃ ግን አልሳቀም። ጀርመኖች የጀልባ ሆድ እንዲቀድ በባሕሩ ዳርቻ ተክለውት የነበረውን ብረት ቆርጠው በየዱ፣ በታንኩ አፍንጫ ላይ እንደ ጥርስ አደረጉት። ጥርሱ ካቡ ውስጥ ሲገባ ታንኩ ሽቅብ እንዳይወጣ ይይዘዋል፤ ታንኩም ካቡን በርግዶ ያልፋል።

በዚህ ታሪክ የሚወደሰው ብዙውን ጊዜ ፈጠራው ነው። ለእኔ የሚበልጠው ቀጥሎ የሆነው ነው። ሌሎች ክፍሎችም በራሳቸው መንገድ ተመሳሳይ ነገር ሠርተው ነበር፤ የጦሩ አዛዥ ኦማር ብራድሊ በሐምሌ አጋማሽ ሙከራውን መጥቶ አየና በዚያው ቅጽበት ማምረቱ እንዲጀመር አዘዘ። ሐምሌ 25 ቀን ታላቁ ማጥቃት ሲጀመር 500 ያህሉ ተሠርቶ ነበር። አንድ ወታደር ሐሳብ አመነጨ፣ የበታች ሹሙ አልሳቀበትም፣ ጄኔራሉ በጊዜው መጥቶ አየ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ ሐሳቡ የካምፕ ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር። መላመድ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ኩሊንም ምስጋናውን ለብቻው አልወሰደም።

ተቃራኒውም በቅርብ ጊዜ ታይቷል። በ2002 አሜሪካ 250 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ትልቅ የጦር ልምምድ አካሄደች፤ የጠላትን ወገን እንዲመራ የተሰጠው ጡረታ የወጣ የባሕር ወለድ ጦር ሌተና ጄኔራል ፖል ቫን ራይፐር ነበር። ሬዲዮው እንደሚጠለፍ ስለገመተ መልእክቱን በሞተር ሳይክል ላከ፤ አውሮፕላኖቹን ያለ ሬዲዮ በብርሃን ምልክት አስነሣ፤ በሚሳይልና በትናንሽ ጀልባዎች ድንገት አጥቅቶ በልምምዱ ስሌት 16 የጦር መርከቦችን አሰጠመ። አዘጋጆቹ መርከቦቹን «አንሳፈው» ልምምዱን አስቀጠሉ፣ እሱ ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችልም ይነግሩት ጀመር፤ በመጨረሻ ሚናውን ትቶ ወጣ። ልምምዱ ሌሎች የሚፈተሹ ነገሮችም ስለነበሩት መቀጠሉ ምክንያት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ግን አንድ ድርጅት ያልጠበቀውን ነገር ሲያይ ከራሱ ይልቅ የታየውን ነገር ማረም ምን ያህል እንደሚቀናው ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

እስካሁን ያየነው አዲስ ነገር ስለ መጨመር ነው። ከባዱ ክፍል ግን መጣል ነው። ነሐሴ 5 ቀን 1949 በሞንታና ግዛት ማን ገልች በተባለ ገደላማ ስፍራ የተነሣውን እሳት ለማጥፋት 15 ሰዎች በፓራሹት ወረዱ፤ አንድ የደን ጠባቂም ተቀላቀላቸው። እሳቱ ከሸለቆው ማዶ ተሻግሮ ከበታቻቸው መንገድ ዘጋባቸው፤ ሽቅብ መሮጥ ጀመሩ፣ እሳት ደግሞ ሽቅብ ከሰው ይፈጥናል። አለቃቸው ዋግነር ዶጅ ከባድ መሣሪያችሁን ጣሉ ብሎ አዘዘ። ጥቂት ቆይቶ ጊዜው በሰከንድ ሲቀር፣ ቆመና ክብሪት ጭሮ ከፊቱ ያለውን ደረቅ ሣር አቃጠለው፤ በተቃጠለው አመድ ላይ ገብቶ እየተጣራ ሌሎቹም እንዲገቡ ለመናቸው። ማንም አልገባም። እሳት ከኋላው የሚያባርረው ሰው እሳት የሚለኩስን አለቃ አብዷል ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም። ዶጅ አመዱ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ዋናው እሳት አለፈው፤ ሁለት ወጣቶች በገደሉ አናት ላይ ባለ ስንጥቅ ሾልከው ተረፉ፤ 13ቱ ሞቱ። ዶጅ ይህን ዘዴ ከዚያ በፊት ሰምቶት አያውቅም ነበር።

ከዶጅ ጋር የነበሩት ሞኞች አልነበሩም፤ ጠንካሮችና የሠለጠኑ ነበሩ። ሥልጠናቸው ግን እሳትን አጥፋ እንጂ እሳት ለኩስ አይልም፤ መሣሪያህን ጠብቅ እንጂ ጣል አይልም። መሣሪያውን የጣለ እሳት አጥፊ ምንድን ነው? ሯጭ ነው። ሰው መሣሪያውን ሲጥል ማንነቱንም አብሮ የሚጥል ስለሚመስለው እጁ አይፈታለትም፤ ጠመንጃውን ጥሎ መገኘት ነውር የሆነበት ወታደር ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

መሣሪያ ሲሆን ቢያንስ በእጅ ይዳሰሳል። እምነት ሲሆን ግን ሰው መያዙንም አያውቀውም። ሂሮ ኦኖዳ በጃፓን ጦር ለደፈጣ ውጊያና ለስለላ የሠለጠነ መኮንን ነበር፤ በ1944 መጨረሻ ወደ ፊሊፒንስዋ ሉባንግ ደሴት ተላከ፣ ጦርነቱ ካበቃ በኋላም እስከ መጋቢት 1974 ድረስ በጫካ ውስጥ መዋጋቱን ቀጠለ። በአካል መላመድ ረገድ ከእሱ የሚበልጥ መፈለግ ከንቱ ነው፤ በዝናብና በሙቀት መካከል ጠመንጃው ሳይዝግ፣ ልብሱን እየጠገነ፣ ሳይያዝ 29 ዓመት ኖሯል። ጦርነቱ ማብቃቱን የሚገልጽ ወረቀት ከአውሮፕላን ሲበተን አገላለጹ ላይ ስሕተት ፈልጎ የጠላት ሥራ ነው አለ። የቤተሰቦቹ ደብዳቤና ፎቶግራፍ ሲጣልለት ተንኮል ነው አለ። ወንድሙ በድምፅ ማጉያ ሲጠራው አስመሳይ ነው አለ። ጋዜጣ ሲተዉለት ጃፓን መበልጸጓን አነበበ፤ ጃፓን ብትሸነፍ ኖሮ እስከ መጨረሻው ሰው ተዋግታ ታልቅ ነበርና፣ መኖሯ አለመሸነፏን ያሳያል ብሎ ደመደመ። በእነዚያ ዓመታት ከእሱና ከጓዶቹ ጋር በተፈጠረ ግጭት የሞቱት የደሴቲቱ ነዋሪዎች 30 ያህል እንደሆኑ ይነገራል፤ ስለ ጽናቱ ብቻ የሚያወሩ ሰዎች ይህን ይዘልሉታል።

ኦኖዳ አስተዋይ መሆኑ አላዳነውም፤ እንዲያውም ጎዳው። የደነዘዘ ሰው ቢሆን ኖሮ ለእያንዳንዱ ማስረጃ ይህን የመሰለ ብልሃት ያለበት ማስተባበያ ማግኘት ባልቻለ ነበር። በ2008 የታተመ የቼዝ ጥናት ይህን በትንሹ ያሳያል። ጎበዝ ተጫዋቾች የታወቀ የማሸነፊያ መንገድ ያለበት፣ ነገር ግን ሌላ አጭር መንገድም የተደበቀበት ጨዋታ ቀረበላቸው። የታወቀውን ወዲያው አገኙት፤ ከዚያ የተሻለ እየፈለግን ነው አሉ። የዓይናቸውን እንቅስቃሴ የሚከታተለው መሣሪያ ግን ዓይናቸው ደጋግሞ ወደ መጀመሪያው መፍትሔ ካሬዎች እንደሚመለስ አሳየ። እየዋሹ አልነበረም፤ እየፈለጉ ያሉ መስሏቸው ነበር። ኦኖዳን በመጨረሻ ያወጣው ማስረጃ አልነበረም፤ በጊዜው መጽሐፍ ሻጭ የነበረው የቀድሞ አዛዡ ወደ ደሴቲቱ ሄዶ ግዳጁ ማብቃቱን በትእዛዝ መልክ አነበበለት። እምነቱን ለመጣል በራሱ ቋንቋ የሚናገር በር ያስፈልገው ነበር።

እንግዲህ መላመድ በሥልጠና ይመጣል ወይ? በከፊል አዎ፣ ግን ሰዎች በሚያስቡት መንገድ አይደለም። «ተለዋዋጭ ሁኑ» የሚል ንግግር ብዙም አይረዳም፤ ሉቺንስ ራሱ ተፈታኞቹን «ዕውር አትሁኑ» የሚል ቃል ወረቀታቸው ላይ እንዲጽፉ አድርጎ ነበር፤ የተወሰኑትን አነቃቸው፣ ሌሎቹ ግን ጽፈውትም በረጅሙ መንገድ ቀጠሉ። የተሻለ የሚሠራው ልምምዱን ማለዋወጥ ነው። በ1978 በታተመ ሙከራ የስምንት ዓመት ልጆች ትናንሽ ከረጢቶችን ወደ ዒላማ መወርወር ተለማመዱ፤ አንደኛው ቡድን ሁልጊዜ ከሦስት ጫማ ርቀት፣ ሌላው ከሁለትና ከአራት ጫማ ብቻ። ከዚያ ሁለቱም ከሦስት ጫማ ርቀት ተፈተኑ፤ ከሦስት ጫማ ወርውሮ የማያውቀው ቡድን በለጠ። አንድን ርቀት ብቻ የተለማመደ እጅ ያንን ርቀት ያውቃል፤ የተለያየ ርቀት የተለማመደ እጅ መወርወርን ያውቃል።

ሌላው የሚሠለጥነው ነገር የማይገጥምን ነገር የማስተዋል ስሜት ነው። ጋሪ ክላይን የተባለ ተመራማሪ በ1980ዎቹ በአሜሪካ ጦር የምርምር ተቋም ድጋፍ፣ የእሳት አደጋ አዛዦች በጥድፊያ እንዴት እንደሚወስኑ ያጠና ነበር። አንዱ አዛዥ ሲተርክ፣ ከአንድ ቤት ማድ ቤት የተነሣ የሚመስል እሳት ላይ ሰዎቹ ውኃ ረጩ፤ እሳቱ እንደሚገባው አልበረደም። ሳሎኑ ከሚገባው በላይ ይሞቅ ነበር፤ ድምፁ ደግሞ ለዚያ ያህል ሙቀት ጸጥ ያለ ነበር። ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ሁሉንም ውጡ አላቸው፤ ከወጡ ጥቂት ቆይቶ ወለሉ ተደረመሰ፤ ዋናው እሳት የነበረው ከሥር ባለው ምድር ቤት ነበር። አዛዡ ይህን የስድስተኛ ስሜት ሥራ ነው ብሎ ያምን ነበር። ነገሩ ግን ብዙ እሳት ያየ ሰው አእምሮ የተለመደው እሳት ምን እንደሚመስል ስለሚያውቅ፣ ከልማዱ ያፈነገጠው ስለጎረበጠው ነው። እዚህ ላይ ልማድ ራሱ የመላመድ መሣሪያ ሆኗል፤ ልዩነቱ አዛዡ የጎረበጠውን ነገር ለማስተባበል ሳይሞክር ማክበሩ ነው። ኦኖዳም ብዙ ነገር ጎርብጦት ነበር፤ እሱ ግን ሁሉንም አስተባበለው።

ስለዚህ ነው ሠራዊቶች ከልምምድ በኋላ የሚደረግን ግምገማ ከልምምዱ እኩል የሚያዩት። በካሊፎርኒያው ፎርት ኧርዊን ማሠልጠኛ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የታንክ ክፍሎች በደንብ ከሠለጠነ «ጠላት» ጋር ይገጥሙና ብዙ ጊዜ ይሸነፋሉ፤ ከዚያ ተቀምጠው ምን ታስቦ እንደነበር፣ ምን እንደሆነና ለምን እንደተለያየ ይነጋገራሉ። ኮሎኔሉ በበታች ሹሙ ፊት የት እንደተሳሳተ ይነገረዋል። ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፤ ማዕረግ በትከሻ ላይ ባለበት ግን ከተኩሱ የሚከብደው ይኼኛው ነው ቢባል አልጠራጠርም። በሲቪሉ ዓለም በየመሥሪያ ቤቱ የሚደረጉት ግምገማዎች ከዚህ የሚለዩት ጥፋተኛ ለማግኘት ስለሚደረጉ ነው፤ ጥፋተኛ የሚፈለግበት ስብሰባ ላይ ደግሞ ማንም ያየውን አይናገርም፤ የሬሲፌው ልጅ በወረቀቱ እንዳጋጠመው ስሕተቱን የሚነግረው ነገር ከአጠገቡ ይጠፋል።

በሐምሌ 1994 በኮሎራዶ ሌላ የደን እሳት 14 ሰዎችን ገደለ። ያኔ የማን ገልች ታሪክ በእሳት አጥፊዎች ዘንድ የታወቀ ነበር። ከሞቱት መካከል መሣሪያቸውንና ሸክማቸውን ሳይጥሉ የተገኙ ነበሩ። ከተረፉት አንዱ ሽቅብ እየሮጠ ብዙ ከሄደ በኋላ መጋዙ አሁንም ትከሻው ላይ መሆኑን አስተዋለ፤ ወዲያው ግን አልጣለውም፤ እሳቱ ከኋላው እየመጣ መጋዙ እንዳይቃጠልበት የሚያስቀምጥበት ቦታ መፈለግ ጀመረ።